ሻይ ቤት እየሠሩ ሰባቱን የጸሎት ሰዓት መያዝ

የደብረ ብርሃን ብርድ ሰው ያስተኛል እንጂ አያስነሣም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልሎ «ዛሬስ ይለፈኝ» ያላለ የዚህ ከተማ ሰው ካለ አሳዩኝ። እኔ ግን ምርጫ የለኝም። መናኸሪያው አካባቢ ትንሽ ሻይ ቤት አለችኝ። ሊጡ ማታ ተቦክቶ ያድራል፤ 12 ሰዓት ላይ ሾፌሩም ረዳቱም ትኩስ ዳቦ ይላሉ። ስለዚህ ለጸሎት እነሣለሁ ብዬ አልመጻደቅም። የሚያስነሣኝ ዳቦው ነው። ጸሎቱን ከዳቦው ጋር አሰርኩት እንጂ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ የእህቴ ልጅ ናት። የምትኖረው አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ነው። እዚያ የቤኔዲክትን ሥርዓት የያዙ፣ ከተለያየ የክርስትና ወገን የመጡ ሴቶች አብረው የሚጸልዩበት ገዳም አለ። ጎረቤቷ ወሰደቻትና አይታ መጣች። ማታውኑ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ ሰዓት ጠብቀው በኅብረት ዳዊት ይደግማሉ! ያንቺን አስታወሱኝ። እነሱ ግን ብዙ ናቸው፤ አንቺ ብቻሽን፣ ደንበኛ እያስተናገድሽ እንዴት ነው የምትችዪው?» አለችኝ። መመለስ ስጀምር ኔትወርኩ ተቋረጠ። እንግዲህ መልሱ ይኸው። ሻይ ቤቴ እየመጡ ይህንኑ የሚጠይቁኝ የዩኒቨርሲቲ ልጆችም አሉ፤ ለእነሱም ይሁን።

ስለዚያ ቤኔዲክት ስለሚባል አባት ልጅቷ በስልክ ጽሑፍ ላከችልኝ። የኢጣሊያ መነኩሴ ነው። የኖረው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ እኛ ዘንድ ቅዱስ ያሬድ ዜማውን በደረሰበት ዘመን ማለት ነው። ለመነኮሳቱ ሥርዓት ሲጽፍ «በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ» የሚለውን የዳዊት ቃል ይዞ ነው ሰዓቶቹን የደለደለው። 150ው መዝሙር በሳምንት ውስጥ ተደግሞ ይለቅ ብሎም አዟል። ለመኝታ ጸሎት የመደባቸው መዝሙር 4፣ 90 እና 133 ናቸው። ይህን ሳነብ ሳቅሁ። እኔም ሳልተኛ የምለው 90ን ነው። ሃይማኖቱ አንድ ነው ማለቴ አይደለም፤ እሱን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። ዳዊቱ ግን አንድ ነው።

ሰዓቶቹ

በእኛ ሥርዓት ሰባቱ እነዚህ ናቸው፦ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። በሰዓት ሲቆጠር ጧት 12፣ ረፋድ 3፣ ቀን 6፣ ከሰዓት 9፣ ወደ ማታ 11፣ ምሽት 3፣ ሌሊት 6 ማለት ነው። እያንዳንዱ የሚታሰብበት ነገር አለው። በነግህ ሌሊቱን በሰላም ስላሳለፈን እናመሰግናለን፤ ጌታ ጲላጦስ ፊት የቀረበበትንም እናስባለን። በሠለስት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ ወረደ። በቀትር ጌታ ተሰቀለ፤ በተሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ ለየ፤ በሠርክ ወደ መቃብር ወረደ። በንዋም በጌቴሴማኒ መጸለዩ ይታሰባል፤ በመንፈቀ ሌሊት ልደቱ፣ ትንሣኤውና ዳግም ምጽአቱ።

ይህን በቃል ማጥናት ቀላል ነው። ግን አንድ ጊዜ በዓይናችሁ ብታዩት ይሻላል። በሰሙነ ሕማማት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ማክሰኞን፣ ከሥራ ፈቃድ ውሰዱና ቤተ ክርስቲያን ዋሉ። የሳምንቱ የንባብ መጽሐፍ፣ ግብረ ሕማማት፣ በየሰዓቱ ተከፍሎ ይነበባል። ይሰገዳል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሰገዳል። በማታው ጉልበታችሁ ሲንቀጠቀጥ በሠለስትና በቀትር መካከል ምን ያህል ርቀት እንዳለ በደንብ ይገባችኋል። እኔ ሰዓቶቹን የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን እንደዚያ ነው።

የእኔ ጥፋት

ጀማሪ ሆኜ የሠራሁትን ልንገራችሁና እናንተ ተጠንቀቁ። አንድ ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰባቱንም በአንዴ ጀመርኩ። እኩለ ሌሊት መነሣቱን፣ ዳዊቱን፣ ስግደቱን፣ ሁሉንም። በሁለተኛው ሳምንት ሰውነቴ ከዳኝ። እንቅልፍ እያዳፋኝ ሁለት ምጣድ ዳቦ አሳረርኩ። የባሰው ደግሞ አፌ ነው። አንድ የቀን ሠራተኛ ሂሳብ ተሳስቶ ቢሰጠኝ በሰው ፊት አዋረድኩት። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ብዙም አልተቆጡም። «ልጄ፣ አሁን ሁለቱን ያዢ፤ ነግህንና ንዋምን። የሰውየውን ይቅርታ ጠይቂ። ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል» አሉኝ። ሁለቱን ብቻ ይዤ አንድ ዓመት ቆየሁ።

የእኔም ምክር ያው ነው። ጧትና መኝታ። ሦስተኛውን ለመጨመር ቢያንስ አንድ ጾም አልፎ አንድ ፋሲካ ይምጣ። ከመጀመራችሁ በፊትም ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። በተለይ መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ የምታጠቡ፤ ጾሙንም ስግደቱንም እሳቸው በልካችሁ ይሰጧችኋል።

ሁለተኛው ጥፋቴ የስልክ ማንቂያ ነው። ሰባት ቦታ ሞልቼው፣ ድምፁን መዝሙር አድርጌው ነበር። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን 9 ሰዓት ሲሆን ከቦርሳዬ ከበሮና እልልታ ፈነዳ። ሐዘንተኛዋ ሳትቀር ዞራ አየችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓት አልሞላም።

በሥራ ላይ ማሰር

ታዲያ በምን አስታውሳለሁ? በሥራው። ጸሎቱን በየቀኑ ከማታስቀሩት ነገር ላይ እሰሩት። የእኔ ነግህ ከሰል እስኪቀጣጠል ያለው ጊዜ ነው። ማንደጃውን በር ላይ አውጥቼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሬ እቆማለሁ። የከሰል ጭስ ወጥቶ ፍሙ እስኪቀላ 15 ደቂቃ ይፈጃል። ለአንድ ውዳሴ ማርያም ይበቃል። ከሰሉ እርጥብ ከሆነ ዳዊትም ይጨመራል።

ሠለስት የቁርስ ሰው ሲሄድ ነው፤ ብርጭቆ እያጠብኩ። እጄ ውሃ ውስጥ ነው፣ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ቀትር ለእኔ ከባዱ ነው። ምሳ ፈላጊው ይጎርፋል። እውነቱን ለመናገር በ6 ሰዓት አንድ አቡነ ዘበሰማያት ካልኩ ትልቅ ነገር ነው፤ ያንንም ጓዳ ገብቼ በርበሬ የምፈልግ መስዬ። ተሰዓት በጾም ቀን ምግብ ከመቅመሴ በፊት ነው፤ ጾሙ ራሱ ያስታውሰኛል። ሠርክ መዝጊያ ሳወርድ። ጥላው ረዝሞ፣ ከእንጨት ቤቶቹ የማታ ጭስ ሲነሣ፣ «ጸሎቴን እንደ ዕጣን ተቀበልልኝ» የሚለው መዝሙር 140 ሳይጠሩት ይመጣል። ንዋም እግሬን ታጥቤ አልጋ ጫፍ ላይ ነው። መንፈቀ ሌሊትን በአዘቦት አልሞክረውም። ለፍልሰታና ለሕማማት ብቻ ነው የማስቀምጠው።

እናንተ ሻይ ቤት ላይኖራችሁ ይችላል። ታክሲ ወረፋ አለ። ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ አለ። ኮምፒውተር እስኪከፈት የሚጠበቀው አለ። ለወፍጮ መሰለፍ አለ። ዋናው ነገር ያ ነገር በየቀኑ፣ በዚያው ሰዓት አካባቢ መኖሩ ነው።

ምን ይባላል?

ለጀማሪ የዘወትር ጸሎት ይበቃል። በስመ አብ ብሎ አማትቦ መጀመር። አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት። ቀጥሎ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም። ለሰባቱም ቀን ለየብቻ ስላለው የሰኞውን ማክሰኞ እንዳታነቡ ገጹ ላይ ክር አድርጉ። በመጨረሻ በመቁጠሪያ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»። ጊዜ ካነሰ 12 ጊዜም ይባላል።

ዳዊት መድገም የምትፈልጉ ደግሞ የተለመደው የሳምንት አከፋፈል አለ። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ነው። ይህ ለሠራተኛ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት አንድ ዘዴ ያዝኩ። አሥር መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል፤ ዳዊት በጠቅላላ 15 ንጉሥ ነው። በቀን አንድ ንጉሥ ብትደግሙ በ15 ቀን ትጨርሳላችሁ። በወር ሁለት ጊዜ ዳዊት ደገምን ማለት ነው፤ ለማንም ሳይወራ።

ቁጥሩ ላይ ተጠንቀቁ። እኔ የምጠራው በዳዊቱ ቁጥር ነው። አንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ከአሥረኛው መዝሙር አካባቢ ጀምሮ አንድ ይጨምራል። የእኔ 90 እዚያ 91 ነው። የእህቴ ልጅና እኔ በዚህ ምክንያት በስልክ አንድ ምሽት ሙሉ ተሟግተናል።

በግእዝ ወይስ በአማርኛ? ይህን ሁሌ ይጠይቁኛል። እኔ ውዳሴ ማርያምን በልጅነቴ መንዝ፣ አያቴ ቤት፣ ከመሪጌታ ሥር ቁጭ ብዬ በግእዝ ነው የያዝኩት። ዜማው ከአፌ አይወጣም። ዳዊትን ግን በአማርኛ ነው የምለው፤ ምክንያቱም ሲገባኝ ነው የማለቅሰው። አንድ ነገር ግን በቃል ያዙ፤ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን። እዚህ መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅም፤ የስልኩ ባትሪም እንደዚያው ነው።

ዘመኑ ሲቀየር

ብዙ ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ጸሎት፣ አንድ ዓይነት ድምፅ። ቤተ ክርስቲያን ግን እንደዚያ አታደርግም። ዓመቱ ለአራት የተከፈለ ነው። መጸው ከመስከረም 26፣ ሐጋይ ከታኅሣሥ 26፣ ጸደይ ከመጋቢት 26፣ ክረምት ከሰኔ 26 ይጀምራሉ። የዜማው መጽሐፍ፣ ድጓው፣ አብሮ ይዞራል። እናንተም ከእሱ ጋር ዙሩ።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ዘመነ ጽጌ ነው፤ 40 ቀን። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት ይታሰባል። ከከተማው ወጣ ስትሉ ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆኖ ነው የሚቆያችሁ። ቅዳሜ ማታ ለእሑድ አጥቢያ ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። ሌሊቱን ሙሉ መቆም ካልቻላችሁ ከ9 ሰዓት በኋላ ሂዱ፤ ማንም አይቆጣችሁም። ጾሙ የፈቃድ ነው። እኔ በዚህ ወቅት የማደርገው ቀላል ነው፤ ውዳሴ ማርያም ስል አንድ አደይ አበባ ሥዕሉ ሥር አኖራለሁ። የሻይ ቤቷ ልጆች ሲደርቅ ይቀይሩታል።

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባና እስከ ገና ይቆያል። የውርጭ ጊዜ ነው። ጧት ባልዲ ላይ በረዶ ይጋገራል። በዚህ ጊዜ ነግህን ከውጭ ወደ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ በብርድ ለመቆም የሚደረግ ፉክክር አልወድም።

ዐቢይ ጾም ግን ሌላ ነው። 55 ቀን። መጀመሪያ ጆሯችሁን ስጡት፤ ከበሮውና ጸናጽሉ ዝም ይላል። ማኅሌቱ በመቋሚያ ብቻ ነው። ቤቴ ውስጥም እንደዚያው አደርጋለሁ። ሬዲዮኑ ይዘጋል። የወተት ሻይ አይሸጥም ማለት ይቻላል፤ የቆርቆሮ ወተት ማንቆርቆሪያው ተገልብጦ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። እሱን ባየሁ ቁጥር ጾም መሆኑ ትዝ ይለኛል። እሑዶቹ ስም አላቸው፦ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሳዕና። የዕለቱን ወንጌል ቅዳሜ ማታ ቤት ውስጥ አንብቡት። እሑድ ሲሰበክ ለሁለተኛ ጊዜ ስለምትሰሙት ይገባችኋል። እኔ የምወደው መጻጉዕን ነው። 38 ዓመት የተኛ ሰው። ሌሊት ጋቢው ሲያሸንፈኝ እሱን አስባለሁ።

በሕማማት ሳምንት ሰው አይሳሳምም፤ ደንበኛዬ ሁሉ ከሩቁ አንገቱን ሰበር አድርጎ ያልፋል። ሐሙስ ጉልባን እቀቅላለሁ፤ የማይጾመው ጭምር ይቀምሳል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሁሉም ይገለበጣል። በበዓለ ሃምሳ 50ውን ቀን ጾምም ስግደትም የለም፤ ረቡዕና ዓርብም ይበላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጸሎቱንም አብሮ ይተወዋል። እኔም ስንት ጊዜ ተውኩት! አሁን የማደርገው አንድ ነው። ስግደቱን ትቼ ሰዓቱን እይዛለሁ። ቆሜ ሁለት ደቂቃም ቢሆን «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» እላለሁ። ክሩ እንዳይበጠስ ያህል።

ክረምት ሲገባ ድጓው ስለ ዘርና ስለ ደመና፣ ስለ ዝናም ይዘምራል። ከጣርማ በር ወዲህ ጉሙ ሲወርድ አጠገብ ያለ ሰው አይታይም። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ሕፃናት ሳይቀሩ ይጾሙታል፤ ነጭ ለብሰው ለቁርባን ሲሰለፉ ጭቃ የነካው ነጠላቸው ያሳዝናል። ሻይ ቤቴን በዚህ ወቅት እስከ 8 ሰዓት እዘጋለሁ። ገቢው ይቀንሳል፤ አልዋሽም። ግን ሰዓታቱን፣ ኪዳኑን፣ የውዳሴ ማርያሙን ትርጓሜ በዓመት አንድ ጊዜ ካልሰማሁ የቀረው ዓመት ደረቅ ዳቦ ይሆንብኛል። ጳጉሜን 3 በሩፋኤል ዝናቡ ከወረደ የልጅ ልጆቼ ራቁታቸውን ግቢ ውስጥ ይሯሯጣሉ። እሱም ጸሎት ነው ብዬ እተዋቸዋለሁ።

አንድ ጊዜ ገዳም

በዓመት አንድ ጊዜ ከቤት ውጡ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሆኖ ቦታ የለም የሚል የለም። ብዙ ሰው ለጸበልና ለሱባዔ ጻድቃኔ ማርያም ይሄዳል። እኔ ደብረ ሊባኖስ ነው የምሄደው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተወለዱት በዚሁ በቡልጋ ነው፤ ገዳሙን የመሠረቱት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ያኔ ደብረ አስቦ ይባል ነበር። ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው እንደተቆረጠ ገድላቸው ይናገራል። የሁለት ደቂቃ ጸሎት የሚያስቸግረው እንደ እኔ ያለው ሰው እዚያ ሄዶ ትንሽ ማፈር ይጠቅመዋል።

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ገብቼ፣ ከዚያ በጎጃም መንገድ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሄጄ፣ ፍቼ ሳልደርስ ወደ ቀኝ እታጠፋለሁ። በዓሎቹ ነሐሴ 24፣ ታኅሣሥ 24 እና ግንቦት 12 ናቸው። ብዙ ሕዝብ ስለሚሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ በዓል ባልሆነ ቀን ሂዱ። ግንቦት 12 ግን ሌላ ነገርም አለበት። በ1929 ዓ.ም. በዚያው በዓል ሰሞን የግራዚያኒ ወታደሮች መነኮሳቱንና ምእመናኑን ሰብስበው ፈጁ። ፋሺስቶቹ ራሳቸው በቴሌግራም ያመኑት ከ400 በላይ ነው፤ ኋላ ያጠኑት ደግሞ ቁጥሩን ከዚያ እጅግ ያበዙታል። እዚያ ስትጸልዩ ስማቸውን ባታውቁም አስቧቸው።

የምትይዙት፦ ጋቢ፣ ነጠላ፣ ጧፍ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ውሃ መቅጃ። ሽቶ አትቀቡ። ስልካችሁን አጥፉት፤ የለቅሶ ቤቱን ታሪኬን አስታውሱ። ከመነኮሳቱ ጋር ሰዓታት ስትቆሙ ከእነሱ ቀድማችሁ አትበሉ፤ ዝም ብላችሁ ስሙ። የደከማችሁ እንደሆነ መቋሚያ ተደገፉ፤ መቋሚያ የተሠራው ለዚያ ነው።

ለእህቴ ልጅ ደግሞ ይህን ጨምሬ እልክላታለሁ። እዚያ ያሉት ሴቶች ቀትር ላይ ሲጸልዩ እዚህ መሽቷል፤ እኔ ንዋም ላይ ነኝ። እነሱ ጋር ስትሄጂ ደውይልኝ፤ ግን ከ3 ሰዓት በፊት። ሊጥ ማቡካት አለብኝ።